አክተሩም የሚሞትበት ፊልም

(በማኅበራችን የፊልም ምሽት፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በአዘጋጆቹ ስም የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ፣ ገሚሶቻችሁም ከሥራ በቀጥታ፣ እዚህ ደንዉዲ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የፊልም ምሽቱን የምናሰናዳው ሦስት ሰዎች ነን። ይህን ንግግር የጻፍነው ተከራክረን ነው፤ የሚያነብላችሁ አንዳችን ቢሆንም ስሕተት ከተገኘበት የሦስታችን ነው።

የማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመት ሲቃረብ «ምን ፊልም እናሳያችሁ?» ብለን አባላቱን ጠይቀን ነበር። የወጣቶቹ ምርጫ ሌላ ነው፤ ተራቸው ይደርሳል። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈው ግን ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡን። «ያ መርከቡ የሚገለበጥበት» አሉን። «ያ ፎቁ የሚቃጠልበት» አሉን። አንዲት እናት ደግሞ «ያ ሁሉም ያሉበት» አሉን። የፊልሙን ስም በትክክል የጠራ ከሁለት ሰው አይበልጥም፤ «ሁሉም ያሉበት» ሲባል ግን ሁላችንም ወዲያው ገባን። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እነዚያ የአደጋ ፊልሞች ከልባችን ያልወጡት ለምንድን ነው? የምንነግራችሁ ስለዚሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ስንቆጥር እናስታውቃለን።

ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች እንጀምር። አምባሳደር፣ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ ራስ የሚሉትን ስሞች ስንጠራ ዓይኑ የሚበራ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበረ። በፊልም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አክተርና ሌባ። አክተር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ማናቸውንም ተዋናይ እንደሚያጠቃልል ያወቅነው አድገን ነው። ለእኛ አክተር አንድ ሰው ነው። ፈረሱ የማይደክም፣ ጥይቱ የማያልቅ፣ በመጨረሻ ልጅቱን ይዞ የሚሄድ። የሕጉም ዋና አንቀጽ «አክተር አይሞትም» የሚል ነው። ጥይት እንደ ዝናብ ሲወርድበት የፈራ ታናሽ ወንድም ካለ፣ ታላቁ በጨለማው ውስጥ ጭኑን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ይለዋል። ምናልባት አክተሩ የሞተ እንደ ሆነ ከኋላ ወንበር የሚነሣው ጩኸት የዋዛ አልነበረም፤ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅም ነበረ።

እንግዲህ ይህን ሕግ ለለመደ ሰው፣ ዐሥር አክተር በአንድ ጊዜ የሚሰለፍበት ፊልም ሲመጣ ምን ይሁን? አንዳንዶቻችን እነዚህን ፊልሞች ያየናቸው እዚያው ነው፤ አንዳንዶቻችን በስደት ካርቱም፣ አብዛኞቻችን ግን እዚህ አትላንታ ከደረስን በኋላ በቪዲዮ ካሴት ነው። የትም እንያቸው፣ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «አክተሩ የትኛው ነው?» መልስ የለም። ሁሉም አክተር ነው፣ ሁሉም ሊሞት ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ ውርርድ ይጀመራል። «ይቺ ትተርፋለች፣ ልጅ አላት።» «እሱ ይሞታል፣ ሲጋራ ያጨሳል።» ግማሹ ደስታ እዚህ ላይ ነበር።

ነገሩ በትልቁ የተጀመረው በ1970 «ኤርፖርት» በተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ ከአርተር ሄይሊ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ በበረዶ የተዋጠ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቦምብ በቦርሳው የያዘ መንገደኛ የተሳፈረበት አውሮፕላን። በርት ላንካስተር የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፣ ዲን ማርቲን አብራሪ፣ ጆርጅ ኬኔዲ የመካኒኮቹ አለቃ፣ ሄለን ሄይስ ደግሞ ቲኬት ሳትቆርጥ መሳፈር ልማድ ያደረገች አሮጊት ሆነው ይሠራሉ። ሄለን ሄይስ ያን ጊዜ ሰባ ዓመቷ ነበር፤ ለዚህች ሚና ኦስካር ተሸለመች። ፊልሙ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ትልልቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች በዚያ ዘመን በኪሳራ ይንገዳገዱ ነበርና፣ ይህን ገንዘብ ባዩ ጊዜ ሁሉም ወደዚያው ሮጡ።

ከሮጡት ሁሉ የቀደመው ኧርዊን አለን የተባለው፣ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች የታወቀ አዘጋጅ ነው። በ1972 «የፖሳይደን ጀብዱ»ን አወጣ፤ ኩባንያው አመንትቶበት ስለነበረ የገንዘቡን ግማሽ የፈለገው ከውጭ ነው ይባላል። ከዚያ 1974 መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ «ኤርፖርት 1975»፣ «ኧርዝኩዌክ» እና «ዘ ታወሪንግ ኢንፌርኖ» ተከታትለው ወጡ። ሰማዩም፣ ምድሩም፣ ፎቁም በአንድ ወቅት ማለት ነው። አሜሪካ ከቬትናም ጦርነት በሽንፈት የምትወጣበት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ ወር ሥልጣን የለቀቁበት፣ በነዳጅ እጥረት መኪና ተሰልፎ ያደረበት ጊዜ ነበርና፣ ሕዝቡ «ከላይ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን አያውቁም» የሚል ታሪክ ለማየት የተዘጋጀ ነበር።

ዝነኞቹ ለምን ይሰበሰባሉ ቢባል፣ ለገበያው ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። አንድ መርከብ ሙሉ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ማስተዋወቅ የሚችል ጸሐፊ የለም። የታወቀ ፊት ግን ራሱን ያስተዋውቃል። ሠርግ ቤት ስንገባ በየጠረጴዛው ያሉትን እንደምናውቃቸው ማለት ነው፤ ያ በወጣትነቱ ጨፋሪ የነበረው፣ ያቺ ሁለት ጊዜ ያገባችው፣ ያ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈው። ማንም ሳይነግረን ታሪካቸው አብሯቸው ይገባል።

ደግሞም አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። በ«ኤርፖርት 1975» ግሎሪያ ስዋንሰን፣ ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ንግሥት የነበረችው፣ ራሷን ግሎሪያ ስዋንሰንን ሆና ትጫወታለች። በ«ታወሪንግ ኢንፌርኖ» ፍሬድ አስቴር አለ። ዓለምን በዳንስ ያስደነቀው ሰው 75 ዓመት ሆኖታል፤ ሚናው የውሸት አክሲዮን የሚሸጥ ምስኪን አጭበርባሪ ነው። በዚህ ሥራው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለኦስካር ታጨ። ከጄኒፈር ጆንስ ጋር ይዋደዳሉ፤ እሷ ከአሳንሰሩ ወድቃ ትሞታለች። ለእርሷም የመጨረሻ ፊልሟ ሆነ። እሳቱ ሲበርድ ሽማግሌው በሕዝቡ መካከል ሲፈልጋት፣ የጥበቃው ሠራተኛ ድመቷን አምጥቶ ያስታቅፈዋል። ንግግር የለም። ከሦስታችን አንዳችን ይህን ቦታ ሳያለቅስ አይቶት አያውቅም፤ ማን እንደ ሆነ አንናገርም።

ከእነዚህ ከአረጁት አንዷ የእኛው የአትላንታ እንግዳ ነበረች። ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ በ«ኤርፖርት 77» ውስጥ ከባሕር ሥር በሰጠመ አውሮፕላን ታፍና፣ በ1978 ደግሞ በ«ዘ ስዋርም» ንብ ሲያባርራት ታያላችሁ። ያቺው ሴት ታኅሣሥ 1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ፒችትሪ ጎዳና ላይ ሎውስ ግራንድ ሲኒማ ቤት በክብር የገባች ናት። በዚያው ፊልም የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ጥቁር በመሆኗ በዘር መለያየቱ ሕግ ምክንያት በዚያ ምሽት አልተገኘችም፤ ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሲኒማ ቤቱ በ1978 ተቃጠለ፤ ዛሬ በቦታው የጆርጂያ ፓሲፊክ ሕንፃ ቆሟል። ደ ሃቪላንድ በ2020 በ104 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈች።

ስለ ዝነኞች ካነሣን የስም ቅደም ተከተሉን ጉዳይ እንጨምርላችሁ። በ«ታወሪንግ ኢንፌርኖ» ስቲቭ ማክዊን የእሳት አደጋ አለቃ፣ ፖል ኒውማን የሕንፃው አርክቴክት ናቸው። ሁለቱም ስሙ ከሌላው በፊት እንዲጻፍ ይፈልጋል። መፍትሔ የተባለው የሚከተለው ነው። የማክዊን ስም በስተ ግራ ዝቅ ብሎ፣ የኒውማን በስተ ቀኝ ከፍ ብሎ ተጻፈ። ከግራ የሚያነብ ማክዊንን፣ ከላይ የሚያነብ ኒውማንን ያስቀድማል። ይህን ስናነብ በጣም ስቀን ነበር። ከዚያ የዐሥረኛው ዓመት በዓላችን ፖስተር ላይ የኮሚቴ አባላት ስም እንዴት እንደ ተደረደረ ትዝ አለንና ሳቁን አቆምን።

ይህ «ታወሪንግ ኢንፌርኖ» የተባለው ፊልም ወደ ከተማችን የሚመልሰን ሌላ መንገድ አለው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ባለ 138 ፎቅ ሕንፃ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሲኒማው የተጠቀመበት የመስተዋት አሳንሰር የሚወጣ የሚወርድበት ሰፊ አዳራሽ ግን የሳን ፍራንሲስኮው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ነው፤ ያንን የነደፈው የአትላንታው አርክቴክት ጆን ፖርትማን ነው። የዚያ ዓይነቱን አዳራሽ በ1967 አስቀድሞ የሠራው እዚሁ ዳውንታውን በሚገኘው ሃያት ነው። ፒችትሪ ፕላዛ የሚባለውን ባለ 73 ፎቅ ክብ ሆቴልም በ1976 ያስመረቀው እርሱ ነው። ከመካከላችን በእነዚያ ሰፈሮች መኪና ያቆመ፣ አልጋ ያነጠፈ፣ ሌሊት ፍሮንት ዴስክ ላይ ያደረ ብዙ ሰው አለ። ፊልሙን ስናይ ዓይናችን ከተዋናዮቹ ይልቅ ትሪ ይዘው ወደሚሮጡት አስተናጋጆች ቢሄድ አያስደንቅም።

የፊልሙ ሌባ እሳቱ አይደለም። የባለ ሕንፃው አማች፣ ሪቻርድ ቻምበርሌይን የሚጫወተው፣ ወጪ ለመቀነስ ሲል የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከታዘዘው ያነሰ አስገብቷል። ይህንን ሆሊውድ የፈጠረው ነገር ነው የሚል ካለ፣ ፒችትሪ ጎዳና ላይ ዋይንኮፍ ይባል የነበረውን ሆቴል ያስታውስ። በ1913 የተሠራ ባለ 15 ፎቅ ሆቴል ነበር፤ እሳት አይበላውም ተብሎ ይተዋወቅ ነበር። የውጭ መውጫ ደረጃ አልነበረውም፤ ከጣራ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም፤ ሁሉም የሚወርድበት ደረጃ አንድ ብቻ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 ከእኩለ ሌሊት በኋላ እሳት ተነሣ። ሕንፃው በእርግጥ አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። ውስጡ ያሉት ግን ተቃጠሉ፣ ታፈኑ፣ የእሳት አደጋው መሰላል ካልደረሰባቸው ፎቆች ዘለሉ። 119 ሰው ሞተ። ሆቴሉ በስሙ የተጠራው ዋይንኮፍ ራሱ ከሟቾቹ አንዱ ነው። ከመላው ጆርጂያ ለወጣቶች ጉባኤ ከመጡት ተማሪዎችም 30ዎቹ አለቁ። አርኖልድ ሃርዲ የሚባል የጆርጂያ ቴክ ተማሪ በቀረችው የመጨረሻ አምፖል አንዲት ሴት ከመስኮት ወርዳ በአየር ላይ ሳለች ፎቶ አነሣ፤ ፎቶውም በ1947 ፑሊትዘር አሸነፈ። ሴትየዋ ተርፋለች። ሕንፃው ከ2007 ጀምሮ ኤሊስ ሆቴል ተብሎ እንግዳ ይቀበላል።

በዋይንኮፍ ዝነኛ አልነበረም። እዚህ ደንዉዲም ሚያዝያ 9 ቀን 1998 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቶርኔዶው ሲመታን ዝነኛ አልነበረም። ያን ጊዜ እዚህ የነበርነው እናስታውሳለን፤ በሺህ የሚቆጠር ዛፍ ወድቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪ ይዘን መንገድ ላይ ስንወጣ ለዓመታት እጅ ብቻ የምንነሣሣው የጎረቤቶቻችንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅን። ፊልሙ የሚያሳየን ይህንኑ ሌሊት ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቶቹ ፖል ኒውማንና ፌይ ዳናዌይ መሆናቸው ነው። የምናውቀው ፊት ሲጨነቅ እንጨነቃለን። የማናውቀው ከሆነ ቁጥር ይሆንብናል።

ስለማይታወቁ ፊቶች ስንነጋገር አንድ ሌላ ፊልም መጥራት ግድ ሆነብን። የማኅበራችን ደንብ ፖለቲካን ከዚህ አዳራሽ ውጭ እንዳደረገው አንዘነጋም፤ የምናነሣው ስለ ፊልም ብቻ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 ወሎ ውስጥ ያነሣው የረኃቡ ፊልም፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዕንቁጣጣሽ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የቤተ መንግሥት ግብዣ በመካከሉ ተቀጥሎበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። የእኛ የአደጋ ፊልም ያ ነው። ከታዩት ሰዎች ውስጥ ስሙ የተጠራ፣ ፊቱን አስቀድመን የምናውቀው አንድም አልነበረም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው ያየው፤ ከጎናችን የነበሩ አንድ አባት ከወሎ የመጡ ነበሩና ወደ መስተዋቱ ተጠግተው ፊቶቹን አንድ በአንድ ሲፈልጉ አየናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ፊልም ያያል፤ እሳቸው ግን የሚያውቁት ሰው ይፈልጋሉ።

ወደ ዛሬው ፊልማችን የምናልፈው ከዚህ ነው። «የፖሳይደን ጀብዱ»ም የሚፈጸመው በአዲስ ዓመት ሌሊት ነው። ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ነው፤ ሰው ለብሶ አጊጦ፣ ዘፈን እየተዘፈነ፣ መልካም አዲስ ዓመት ሲባባሉ ማዕበሉ ይመጣል። መርከቡ ይገለበጣል። ከዚያ ጀምሮ ጣራው ወለል ነው፣ ወለሉ ጣራ ነው። ጠረጴዛዎቹ ከላይ ተንጠልጥለዋል፣ መብራቶቹ ከእግር ሥር ናቸው። ለመዳን የሚፈልግ ወደ ላይ፣ ወደ መርከቡ ታች መውጣት አለበት። ይህን ለልጆቻችን በቃል ለማስረዳት ብዙ ይለፋል፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለነበረ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬም ቢሆን፣ አገር ቤት መሐንዲስ ወይም መምህር ሆኖ ኖሮ እዚህ ሲመጣ የመኪና ቁልፍ የሚቀበል ሰው፣ ጣራና ወለል ቦታ ሲለዋወጡ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

በመርከቡ ላይ ቤል ሮዘን የምትባል ሴት አለች፤ የምትጫወታት ሸሊ ዊንተርስ ናት። ከባሏ ጋር የምትጓዘው የልጅ ልጇን ለማየት ወደ እስራኤል ነው። ወፍራም ናት፣ ለመውጣትም ታፍራለች፣ ሌሎቹንም የምታዘገይ ይመስላታል። ወጣት ሳለን በእርሷ ስቀናል። ዛሬ እናቶቻችን በሽሮና በበርበሬ የታጨቀ ሻንጣ ይዘው የልጅ ልጅ ለማየት አትላንታ ማረፊያ ሲደርሱ፣ በዊልቸር እየተገፉ ሲወጡ፣ ያቺን ሴት እናያለን። ራሳችንም ከደረጃው ሥር ቆመን መተንፈስ ጀምረናል። ቤል በወጣትነቷ የውኃ ውስጥ ዋና አሸናፊ እንደ ነበረች የምትናገርበት ሰዓት ይመጣል፤ ቀሪውን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ሦስታችንን ሌሊቱን ያከራከረን ነገር ላይ ደርሰናል። መርከቡ እንደተገለበጠ በግብዣው አዳራሽ ውስጥ ክርክር ይነሣል። ጂን ሃክማን የሚጫወተው ቄስ «እንውጣ» ይላል፤ የገናውን ዛፍ አቁመው እንደ መሰላል ሊወጡበት ይፈልጋል። የመርከቡ ሹም ደግሞ እርዳታ እስኪመጣ ሁሉም ባለበት እንዲቆይ ያዛል። ብዙው ሕዝብ ሹሙን ይሰማል። ጥቂቶች ይወጣሉ። እነርሱ ላይ እንደ ደረሱ ውኃው አዳራሹን ሰብሮ ይገባል፤ የቀሩት ያልቃሉ።

ይህን ፊልም ለምን እንደምንወደው እዚህ ላይ ተገለጠልን። እኛ የወጣን ነን። ፊልሙ ይፈርድልናል። የቀሩት ተሳስተው ነበር ይለናል፤ ዛፉን የወጡ ብልሆች ናቸው ይለናል። በስደት ዓመታት ራሳችንን ያጽናናንበትን ነገር ጂን ሃክማን በትልቅ ድምፅ ይነግረናል። ታዲያ ውሸት ነው። አገር ቤት የቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አልሰጠሙም። ብዙ አዩ፣ ብዙ አጡ፣ ግን ኖሩ። ወላጆቻችንን የጦሩ እነርሱ ናቸው። ለቅሶውን በስልክ የደረስነው እኛ፣ አፈር ያለበሱት እነርሱ ናቸው። ደግሞ ከወጣነውም ሁሉ አልደረሰም። ከእኛ ጋር ተነሥተው ከሱዳን ድንበር ወዲህ የቀሩ አሉ፤ ፊልሙ ላይ እንኳ ከዐሥሩ የሚደርሱት ስድስት ናቸው።

ከሦስታችን አንዱ በዚህ አልተስማማም። መውጣት ለነበረበት ሰው መውጣቱ ትክክል ነበር፤ ፊልሙ ስለኛ አይደለም፣ ስለ ውኃ ነው አለ። ክርክሩ አላለቀም። ያስታረቀን ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ገጸ ባሕርይ ነው። አርተር ኦኮኔል የሚጫወተው ሌላ ቄስ አለ፣ ሽማግሌ፤ በፊልሙ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሃክማን አብሮት እንዲወጣ ይለምነዋል። ሽማግሌው በመንገዱ አይከራከርም። እግራቸው የተሰበረ፣ መውጣት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ትቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ይቀራል። አይሳደብም፣ የሚወጡትንም አይረግምም። ሃክማን ዛፉን ይወጣል፤ ካሜራውም ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

ዛሬ ፊልሙን ስታዩ ያንን ሽማግሌ እንዳታሳልፉት እንለምናችኋለን።  ከሦስታችን የአንዳችን ታላቅ ወንድም ደሴ ነው ያለው፤ እርሱን ስናስብ ያ ፊት ይመጣብናል።

ስለ ፊልሞቹ መጨረሻ በአጭሩ እንናገር፤ ቡናው እየተፈላ ነው። ኧርዊን አለን በ1978 «ስዋርም»ን ሲያወጣ ሕዝቡ ሰልችቶ ነበር፤ በ1980 ያወጣው የእሳተ ገሞራ ፊልምም አልቀናውም። በዚያው በ1980 «ኤርፕሌን!» የሚባል ቀልድ መጣና ሁሉንም መሳቂያ አደረጋቸው። በእርሱ ውስጥ ፊቱን ሳያጥፍ የሚቀልደው ሐኪም ሌስሊ ኒልሰን፣ በፖሳይደን ውስጥ የመርከቡ ካፒቴን ነው። ባለፈው ሳምንት ማሽኑን ስንሞክር ልጆቻችን ካፒቴኑ ገና ብቅ ሲል በሳቅ ፈረሱ። እኛ ለማዕበሉ ተዘጋጅተን፣ እነርሱ ቀልድ ይጠብቃሉ። ልጆች፣ ዛሬ ሰውየው አይቀልድም፤ ብትስቁም አንቆጣም፣ ግን ከኋላ ያሉት እናቶች ይቆጣሉ።

ፊልሙ 117 ደቂቃ ነው፤ ዕረፍት የለውም። ልጆች ከፊት ምንጣፉ ላይ ይቀመጡ። መውጫው ሁለት ነው፤ የመጣችሁበት የፊቱ በርና ከወጥ ቤቱ ጎን ያለው። የወጥ ቤቱን በር ወንበር ተደርድሮበት አግኝተን አሁን አስነሥተናል፤ እባካችሁ መልሳችሁ አታስቀምጡበት። አስቀድማችሁ ያያችሁት ደግሞ ማን እንደሚሞት ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። መብራቱን አጥፉልን።